ነጭ ሽንኩርት በጉያ

አልጋነሽ ንባብ ትወዳለች፤ ከንባብ ይበልጥ ግን ሰው መፈታተን ትወዳለች። እናቷ በሕይወት ሳለች «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን የገዛ ምላስሽ ይጠልፍሻል» ብላ ተናግራባት ነበር። የእናት አፍ መሬት አይወድቅምና ጠለፋት። እንዴት እንደጠለፋት ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ጅቡቲ ከተማ፣ በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ዓርብ የከተማው የዕረፍት ቀን ስለሆነ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ የአገራችን ሴቶች ከማዳሞቻቸው የሚፈቱት ያን ቀን ነው፤ እሱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ። ታዲያ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጀርባ፣ እድራቸው በተከራየው ክፍል ይሰበሰቡና ጋሽ ፀጋው መጽሐፍ ያስነብቧቸዋል። ጋሽ ፀጋው ሌላውን ቀን ወደብ ላይ የጭነት ሰነድ ይዘው ሲሮጡ የሚውሉ ሰው ናቸው። አገር ቤት ሳሉ አስተማሪ ነበሩ፤ ጠመኔው ከእጃቸው ወጣ እንጂ ከልባቸው አልወጣም።

አልጋነሽ ሆዳን በሚባለው ሰፈር ከአንዲት ማዳም ቤት ምግብ ሠሪ ናት። ዓርብ ዓርብ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ግቢው ውስጥ ከሰል ታቀጣጥልና እሷን ጨምሮ ለአሥራ ሁለት ሴቶች ምሳ ትሠራለች። ቀኑ የጾም ስለሆነ ምስርና ሽሮ ነው፤ ሽሮውን የምታቀርበው ግን በሸክላ ድስት ነው። አቤት ያቺ ድስት! ጥቁር፣ ሆደ ሰፊ፣ ከእሳት ከወረደች በኋላ እንኳ ሩብ ሰዓት ስትንተከተክ የምትቆይ። ከሁሉ አብልጣ የምታደንቃት ወርቄ ናት።

«ማዳሜ ቤት ዓሣ ተጠብሶ እያለ እኔ የዓርብን ሽሮ ስቆጥር ነው የምሰነብተው» ትላለች ወርቄ። «ለመሆኑ ይቺን ድስት ከየት ነው የገዛሻት?»

«ከገበያ» ትላለች አልጋነሽ።

ውሸቷን ነው። ድስቷን የሠራቻት ራሷ ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ፣ አያቷም ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ አልጋነሽ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጭቃውን አብኩታ ስትጨርስ ከሥሩ የአውራ ጣቷን አሻራ ትታበታለች። በእነሱ አገር ደግሞ ሸክላ ሠሪ ማለት ቡዳ ማለት ነው። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይሉታል፤ እሱን ፈርተው ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ የሚቋጥሩም አሉ። እንስራውን ይገዙታል፣ ምጣዱን ይገዙታል፤ ከሠራው እጅ ግን ጉርሻ አይቀበሉም። ድግስ ሲኖር እናቷ የምትበላው ከደጅ ተቀምጣ፣ ለብቻዋ በተሰጣት ነገር ነበር። ጅቡቲ ስትመጣ የማን ልጅ ነሽ ያላት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። የሆዷን በሆዷ ይዛ ተቀመጠች። አንድ ነገር ብቻ ታደርጋለች፤ ማንንም አታጎርስም። «ምግብሽ ጣፋጭ፣ እጅሽ ግን ቋጣሪ» እያለች ወርቄ ታሾፍባታለች።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ በኖረ ነበር፣ ካሣ ባይመጣ። ካሣ የወርቄ ታናሽ ወንድም ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ ይነዳል፤ ጭነት እስኪደርሰው ከከተማው ዳር፣ ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ቆሞ በሰነበተ ቁጥር እህቱን ሊጠይቅ ይመጣል፣ ሲመጣም ዓይኑ የሚሄደው ወደ አልጋነሽ ነው። ተዋደዱ። እሷም በወሩ ሁሉንም ነገረችው።

«እኔን አትብዪኝ እንጂ የፈለግሽውን ሁኚ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ግን ግራ ቀኙን አይቶ «ለወርቄ ብቻ እንዳትነግሪያት» አላት።

«መቼ ነው ታዲያ የምነግራት?»

«ሦስተኛውን ልጅ ስንወልድ።»

ወርቄ ካሣን እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አዝላ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ እሷ ያልመረቀችው ሠርግ ሠርግ አይሆንም። ለኅዳር ሚካኤል ሽማግሌ ሊላክ ተነጋግረዋል፤ የሚላከውም እዚህ ከተማ ለአልጋነሽ እንደ አባት ወደሚቆሙላት ወደ ጋሽ ፀጋው ነው። ወርቄማ ሽማግሌውንም ሳትጠብቅ «ምራቴ» ማለት ጀምራለች። አልጋነሽ «ምራቴ» በተባለች ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል፤ ወዲያው ደግሞ ያው አንጀት ይታመማል። ብታውቅ ትለኝ ነበር? ይህን ማወቅ ፈለገች። እዚህ ላይ ነው ምላሷ መንገድ የጀመረው።

የጥቅምት የመጀመሪያው ዓርብ ዕለት ጋሽ ፀጋው ወፍራም የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ተሸክመው መጡ። ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ባላባት ሰፈር ስለኖረች ሸክላ ሠሪ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። አልጋነሽ ይህን ስትሰማ ጭልፋዋን እንደያዘች ከግቢው ገባች።

«ከማንበባችን በፊት ራሳችንን እንመርምር» አሉና ጋሽ ፀጋው ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጠመኔ አሰመሩት። «አንድ ነገር እናገራለሁ። የምትስማሙ በመስኮቱ በኩል፣ የማትስማሙ በበሩ በኩል ቁሙ። ከዚያ ትከራከራላችሁ።»

«ሰው ሁሉ እኩል ነው» አሉ። አሥራ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ተጋፉ።

«ቡዳ የሚባል ነገር የለም።» ማንም ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለም።

«ወንድሜ የሸክላ ሠሪ ልጅ ቢያገባ ደስ ይለኛል።»

አልጋነሽ ወደ ወርቄ ዞረች። ወርቄ ደረቷን ነፍታ «እንዴታ! የሰው ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለች። ሌሎቹም «አይደለችም እንዴ!» እያሉ ተቀባበሏት። በበሩ በኩል የቀረው የጋሽ ፀጋው ጫማ ብቻ ነበር፤ ሲገቡ አውልቀውት።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ፀጋው አልጋነሽ ዕቃ ከምታጥብበት መጥተው ቁጭ አሉ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ሁሉም ጻድቅ ከሆኑ መጽሐፉን ለማን ላስነብበው? እንደ ፈተና እኮ ነው የሚመልሱልኝ፤ እኔ የምወደውን እየመረጡ።»

«እስከ ዓርብ ይስጡኝ ጋሼ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ምንም። ትንሽ ቁሌት ላቁላላ ነው» አለችና ድስቷን ደፍታ ተነሣች።

በማግሥቱ ለወርቄ ደወለች። «ወርቄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ሞቼ ነው!»

«ከእኛ ከዓርብ ሴቶች አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት አሉ።»

«በስመ አብ! ማን?»

«ይሄውልሽ፣ ስሟን አልነገሩኝም።»

እንግዲህ ፍረዱ፤ ከመጨረሻዋ ቃል በቀር ምን ዋሸች? «ለማንም እንዳትተነፍሺ» ማለት ደግሞ ለወርቄ ማይክሮፎን መስጠት ነው። እሑድ ጠዋት ሙኒራ የምትባለው የድሬዳዋ ልጅ ለራሷ ለአልጋነሽ ደውላ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ የራሷን ወሬ መልሳ ነገረቻት። ማክሰኞ የሸክላ ሠሪዋ ልጆች ሁለት ሆኑ። ረቡዕ ደግሞ የልጅቱ አያት በአንድ ክረምት ሰባት ሰው ከነፍየላቸው ጨርሳለች ተባለ። ምስኪን አያቷ! የገዛ ጥላዋን ስትፈራ የሞተች ሴት። አልጋነሽ ማዳሟ እንዳትሰማት አፏን በትራስ አፍና እስኪያማት ሳቀች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ዓርብ ደረሰ። ሁሉም በሰዓቱ ተገኙ፤ ይሄ ራሱ ጉድ ነው። እንደ ወትሮው ተደራርበው አልተቀመጡም፤ በሁለት ሴት መካከል ሦስተኛ የሚያስቀምጥ ክፍተት ተዉ። አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ማራገቢያው ቆመ። የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ምሥጢር አይጠብቅም። ጥቂት ሳይቆይ በክፍሉ ውስጥ ሽታ ተነሣ።

«ማነው ነጭ ሽንኩርት የያዘ?» አሉ ጋሽ ፀጋው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ።

«አልጋነሽ፣ ወጡ ነው?»

«ወጡ ገና አልተጣደም ጋሼ።»

ጋሽ ፀጋው ጉሮሯቸውን ጠርገው መስመራቸውን አደሱ። «ባለፈው የተባባልነውን እንከልሰው። ቡዳ የሚባል ነገር የለም!»

አሥራ ሁለቱም ቆፍጠን ብለው ወደ መስኮቱ ተራመዱ። ሲራመዱ የሙኒራ የሻሽ ቋጠሮ ተፈታና ጥቁር አዝሙድ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ቀጥሎ ከማን እንደወደቀ ያልታወቀ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ተንከባሎ፣ ተንከባሎ፣ መስመሩን ተሻገረና ከማይስማሙት ዘንድ ሄዶ ቆመ። ከክፍሉ ሁሉ የልቡን የተናገረ እሱ ብቻ ነበር።

አልጋነሽ ነጠላዋን ነክሳ ወደ ግቢ ሮጠች። ከሰሉ አጠገብ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ግን ወደ መጨረሻው ጣዕሙ ተለወጠባት፤ ስትወጣ በወርቄ አንገት ሥር ጥቁር ክር አይታለች፣ ክሩ ጫፍ ላይ ከጡቷ መሐል ጉብ ያለ ነገር ነበረ። ወርቄም? አዎ፣ ወርቄም።

ምሳ ቀረበ። ትሪው መሐል ላይ ሆነ፤ ሽሮው በድስቱ ይንተከተካል። እጅ የሚሰድ ግን ጠፋ።

«እኔ ጾም ነኝ» አለች አንዷ።

«ሽሮ እኮ ነው» አለች አልጋነሽ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው።»

«እኔ ሆዴን ቆርጦኛል» አለች ሙኒራ፤ ሌላዋ ጥርሷን ታመመች። የትሪው ዳር እንዲህ ሰፍቶ አያውቅም። ከዚያ ወርቄ ተነሣች፤ ከመደርደሪያው አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህን አወረደች፣ ከትሪው ቆርሳ፣ ሽሮ ጨምራ፣ ለትሁን ሰጠቻት።

ትሁን ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ስትናገርም ቀስ ብላ ነው። ባለፈው ዓርብ «ፀጉርሽ እንዴት ያምራል እትዬ ወርቄ» ብላ ነበር፤ ቅዳሜ ወርቄን ራሷን አመማት። በቃ፣ ሌላ ማስረጃ ማን ፈለገ!

«ሙቀት ነው ልጄ፣ ለብቻሽ ዘና ብለሽ ብዪ» አለች ወርቄ፣ ዓይኗን ሌላ ቦታ ተክላ። የትሁን ሳህን በወጣ ቅጽበት የታመሙት ሁሉ ዳኑና ወደ ትሪው ተጠጉ።

ትሁን መጀመሪያ አክብሮት መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ ሳህኗን አየች፣ ትሪውን አየች፣ ዙሪያውን አየች። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ማጣፋት ጀመረች።

አልጋነሽ የልጅቱን ጣቶች ስታይ የእናቷን ጣቶች አየች። እናቷም ከድግስ ስትነሣ እንዲሁ ነበር ነጠላዋን የምታጣፋው፣ ቀስ ብላ፣ እንዳልተቀየመ ሰው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንኳ ለእሷ አነሳት፤ የጣለችው የሌላ ሰው ነው።

ወርቄን ወደ ጥግ ሳበቻት። «ወርቄ፣ ቀልድ ነበር እኮ። እኔ ነኝ ያወራሁት።»

«አታድበስብሺ! አሁን ልጅቷ አሳዝናሽ ነው። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አልጋነሽ ስለ ኅዳር ሚካኤል አሰበች፣ ስለ ካሣ አሰበች፣ ስለ «ምራቴ» አሰበች። ትሁን በሩ ጋ ደርሳ ጫማዋን ትፈልጋለች።

«ትሁን፣ ቁሚ!» ብላ ጮኸች። ድስቷን በጨርቅ ይዛ ሽሮውን እንዳለ እንጀራው ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ ድስቷን ደፍታ ሥሯን ለሁሉም አሳየች። ጭቃው ውስጥ የጣት ስርጉድ አለ። ቢያቃጥላትም አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች፤ ልክ ገባ።

«ከገበያ አልገዛኋትም። እኔ ነኝ የሠራኋት። የምትፈልጓት የሸክላ ሠሪ ልጅ እኔ ነኝ፣ ይቺን ልጅ ተዉአት! ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ከእጄ በልታችኋል። ጅብ ልሁን ብል እንኳ ማዳም በሩን በሦስት ሰዓት ትቆልፈዋለች፤ በየት በኩል ልወጣ ኖሯል?»

የሳቀ የለም። ጋሽ ፀጋው ጠመኔያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ወርቄ ድስቷን አየች፣ ጣቷን አየች፣ በመጨረሻም ወደ ታች የገዛ ሰውነቷን አየች።

«እኔ እዚህ አገር ስመጣ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ሰባ ስምንት ነኝ። ምን ዓይነት ቡዳ ነሽ አንቺ፣ የበላሽው ሰው የሚወፍርልሽ?»

ሙኒራ ፈነዳች፤ ክፍሉም ተከተላት። ወርቄ ግን አልሳቀችም። መጥታ አልጋነሽ ፊት ተቀመጠችና አፏን ከፈተች። «በይ አጉርሺኝ።»

አልጋነሽ እንጀራ ቆረሰች። ጠቀለለች፣ አጎረሰቻት። ወርቄ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች፤ አሥሩ ሴቶች እስክትወድቅ ይጠብቁ ጀመር። ዋጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች። ወዲያው ዓይኗን ገለጠች። «ካሣ ያውቃል?»

«ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

አልጋነሽ ልትዋሽላት ፈልጋ ነበር፤ አቃታት። «ለአንቺ ብቻ እንዳልነግር ለምኖኝ ነው።»

ይቺ ቃል ከነጭ ሽንኩርቱ ሁሉ በረታች። «እኔን ፈርቶ?» አለች ወርቄ። «አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ፣ እኔን ፈርቶ?» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደችና የትሁንን እጅ ይዛ መለሰቻት፤ ሰማያዊውን ሳህን ትሪው ላይ ገልብጣ «ነይ ልጄ፣ እኔ ጎን» አለቻት። ትሁን ገና ፊቷ እንደተቆጣ ነበር፤ ቢሆንም ተቀመጠች።

ትሪው ሲነሣ ጋሽ ፀጋው ሦስተኛውን ጥያቄ ደገሙት። ድምፃቸው እንኳ ፈራ ተባ ብሏል። «ወንድሜ የሸክላ ሠሪ ልጅ ቢያገባ... ደስ ይለኛል።»

ወደ መስኮቱ የሮጠ የለም። ሙኒራ ጥቂት አመነታችና «እውነቱን ልናገር፣ እኔ እፈራለሁ» ብላ ወደ በሩ ሄደች። «ምኗን ነው የምትፈሪው?» ብላ ትሁን ተነሣችባት፤ ያቺ ዝምተኛ! ሁለቱ ተያያዙ። ሌሎቹም ወዲህና ወዲያ ተከፈሉ፣ ጮኹ፣ ተሰዳደቡ፣ አያታቸውን ጠቀሱ፣ ቦታ ቀየሩ። ጋሽ ፀጋው ልጅ እንደተወለደለት ሰው ከዳር ቆመው ፈገግ ይላሉ። ወርቄ ብቻ ጠመኔው ላይ ቆማለች።

«አንቺስ ወርቄ፣ የት ነሽ?» አሏት።

«መስመሩ ላይ።»

«መስመሩ ላይማ መልስ የለም።»

«ባለፈው መስኮቱ ጋ የቆምኩት ውሸቴን ነበር ጋሼ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት እውነቴን ነው። አትገፍትሩኝ፣ በእግሬ ልሂድበት።»

አልጋነሽ ይህን ሰማች። አመማት። ግን ከዚያ «እንዴታ!» ይልቅ ይሄኛው ተሻላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሴቶቹ እየተነታረኩ ወጡ። ግቢው ውስጥ፣ ከመታጠቢያው አጠገብ፣ እያንዳንዷ ሹልክ ብላ ያስቀመጠችው ነጭ ሽንኩርት ክምር ሆኖ ነበር። ጋሽ ፀጋውም ጥራዛቸውን ይዘው ሲወጡ ቆም አሉ፤ ግራ ቀኝ አይተው ከደረት ኪሳቸው፣ ከእስክሪብቶው ጎን፣ አንዲት ፍንካች አውጥተው ጨመሩበት። አልጋነሽ እያየቻቸው ነበር።

«ባለቤቴ ናት ያስገባችብኝ» አሉ አፍረው።

«እሜቴ አዲስ አበባ አይደሉም እንዴ?»

«ናት» አሉና ጫማቸውን ሳያስሩ ሄዱ።

መጨረሻ የቀረችው ወርቄ ናት። በሩ ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ ቦርሳዋን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። ከዚያ ጥቁሩን ክር ከአንገቷ ባንድ ጊዜ በጠሰችው፤ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት በአልጋነሽ መዳፍ ላይ አደረገች።

«ለሚመጣው ዓርብ ቁሌቱ ውስጥ ጨምሪው» አለች። «ካሣንም ጥሪው። የሽማግሌውን ነገር ገና አልቆረጥኩም፤ የሱን ጆሮ ግን ልቆነጥጠው ቆርጫለሁ።»

ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች። «ጨውም እንዳትረሺ፣ ምራቴ» አለችና፣ ከአፏ ስላመለጣት ተናዳ፣ እየተጣደፈች ወደ አውቶቡሱ ሮጠች።

አልጋነሽ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ነጭ ሽንኩርቱ ገና የወርቄን ገላ ሙቀት እንደያዘ ነበር።